ከሰኞ በፊት የታሰረው ሰማያዊ ሪባን

ኤስኪል ባሕር ላይ በቆመው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ታችኛው ወለል፣ በብረት ርብራቡ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ዐሥራ ስምንት ሜትር ነው የወደቀው። ገመዱ ከላይ አሁንም ተንጠልጥሏል፤ የከዳው ሰውነቱን የያዘው መታጠቂያ ነው።

የፖሊስ መርማሪዋን ሶልፍሪድን ከስታቫንገር ከተማ ያመጣት ሄሊኮፕተር እንደ ተመለሰ ጉሙ ባሕሩን ዘጋው። እስኪገለጥ ድረስ የሚገባም የሚወጣም የለም። ገዳይ ካለ አብሯቸው ምሳ ይበላል ማለት ነው።

«ይህን መታጠቂያ አውቀዋለሁ» አለች የቪዲዮ ባለሙያዋ ጉንቮር። ካሜራዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። «በቢላ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለፊልሙ። ሠራተኞች የተበላሸ መታጠቂያ እንዲለዩ የማሳይበት ነበር። ትናንት የግራ እግሩን ማሰሪያ እስከ ግማሽ ቆረጥኩና ‹አይነካ› የሚለውን ቀይ ሪባን አስሬ ለብቻው ሰቀልኩት። አስሬው ነበር... መሰለኝ። አሁን ምኑንም እርግጠኛ አይደለሁም።»

መታጠቂያው ላይ ያለው ሪባን ሰማያዊ ነበር። እዚያ መድረክ ላይ በተመረመረ ዕቃ ሁሉ ላይ የወቅቱ ቀለም ሪባን ይታሰራል፤ ያልታሰረበትን ማንም አይነካም። የወቅቱ ቀለም ቢጫ ነው። ሰማያዊው ከሰኞ ይጀምራል፤ ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

ጉንቮር ክፍሏ ገብታ በሩን በወንበር ደገፈች። በኮሪደሩ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል። ገዳዩን ፈርታለች። ከዚያ የከፋው ግን ገዳዩ ራሷ እንዳትሆን መፍራቷ ነው። በእሷ ዝንጉነት ሰው ሞቶ ከሆነ ምን ይዋጣት?

ሶልፍሪድ መጀመሪያ የክሬን ነጂውን ሃልዶርን ጠራች።

«ከኤስኪል ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«በካርታ ሲያጭበረብር ያዝኩታ! ለካርታ ብዬ ሰው የምገድል ብሆን እዚህ አንድ ሰው አይተርፍም ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ ራት ላይ ‹ቅዳሜ በጉንቮር ካሜራ ፊት የምናገረው አለኝ፤ እዚህ ሳይመረመር የሚፈረምበት ዕቃ አለ› ብሎ ነበር። ማንኪያው ሁሉ ቀጥ አለ።»

«ማን ማን ሰማ?»

«እኔ፣ አለቃው አስላክ፣ ሽማግሌው ኦድቫር። ጉንቮርም ነበረች።»

አስላክ ገና ሳይጠየቅ ላብ አጥምቆታል። «አደጋ ነው! ልጅቷ ናት የረሳችው፤ ምኑ ነው የሚመረመረው?» ጥፋቱን የሚያሸክምበት ትከሻ እየፈለገ ነበር።

ሠላሳ ዓመት መሣሪያ እየመረመረ ሪባን ሲያስር የኖረው ኦድቫር ግን ለስላሳ ነው። «እባክሽ አትጫኛት፤ ልጅ ናት። ለቀረጻው ያምራል ብላ ሰማያዊ አስራበት፣ ከደህናዎቹ ጋር ሰቅላው ይሆናል። ሰው ነን፣ እንረሳለን።»

ቀረጻዋን ልታስረክብ መጥታ በሩ ላይ የቆመችው ጉንቮር ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

ሶልፍሪድ የዓርቡን ቀረጻ ሦስት ጊዜ አየችና ሁሉንም ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሰበሰበች። የተለመደው የቅዳሜ ጣፋጭ፣ ዋፍሉ፣ ቀርቧል፤ የነካው ግን አልነበረም።

«ጉንቮር ቀይ አስራ ነበር» አለች። «ቀረጻው ላይ ይታያል። በመጨረሻው ምስል፣ ዓርብ ማታ፣ የሰማያዊው ሪባን ካርቶን ከመስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንደ ታሸገ ነው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ተመለከቱ።

«ቁልፍ ይሰረቃል» አለ ኦድቫር።

«ይሰረቃል። ግን ኤስኪል ሰኞ የሚጀምረውን ቀለም ቅዳሜ ለምን ታጠቀ? ከመስቀያው ላይ ቢያገኘው አይነካውም ነበር። የታጠቀው፣ ሪባኑን የሚያስረው ሰው ራሱ በእጁ ‹ያንተን አስቀድሜ መርምሬልሃለሁ› ብሎ ስላቀበለው ነው። የተበጠሰው ማሰሪያ ደግሞ ጉንቮር የቆረጠችው አይደለም፤ በጀርባ በኩል፣ ለምቾት ከተሰፋው ስፖንጅ ሥር፣ በሌላ እጅ የተቆረጠው ነው። የእሷን መታጠቂያ የመረጥከው በእሷ ለማሳበብ ነው። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቢጫ ብታስርበት ማን ይጠረጥርህ ነበር?»

ኦድቫር የተሰደበ ያህል ቀና አለ። «ከየት አምጥቼ? የቢጫውን ትርፍ ዓርብ ቆራርጬ ጥዬዋለሁ። አዲሱ ሳይከፈት አሮጌው ይወገዳል፤ ደንብ ነው!»

ምን እንደ ተናገረ ለራሱ የገባው ሁሉም ሲያፈጡበት ነው።

«ዕቃውን ሳታይ ትፈርማለህ፣ ለሪባን ግን ደንብ ታከብራለህ!» አለ ሃልዶር።

«ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶት ነበር» አለ ኦድቫር። «ዝም በል ብዬ ለምኜዋለሁ።»

አስላክና ሃልዶር ይዘውት ሲወጡ ጉንቮር ከወንበሯ አልተነሳችም።

«የእኔን ቁርጥ ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

ሶልፍሪድ መታጠቂያውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። ጉንቮር የግራ እግሩን ማሰሪያ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ያልተቆረጠው ግማሽ እንደያዘ ነው። ደግማ ሳበችው፤ አሁንም ያዘ።

ከጠዋት ጀምሮ ስትርበተበት የዋለችው ለራሷ ነበር። አሁን ገና ለኤስኪል አለቀሰች።