የልጁ እናት

የሕፃኑ ጋሪ አውቶቡሱ በር ላይ ተሰነቀረ። ወጣቷ የፊት ጎማዎቹን ደረጃው ላይ አውጥታለች፤ የኋላዎቹ ግን አልነሳ አሏት። ከኋላ ያሉት ይገፏታል፤ ከፊት ያሉት ዞር አይሉላትም።

«እጠፊውና ግቢ እንጂ!» ሾፌሩ ጮኸባት።

«ልጁን ማን ይያዝልኝ?»

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷም ለማልቀስ አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። ይኼኔ ጣቶቹን በፕላስተር የጠቀለለ አንድ ወጣት ከውስጥ ብቅ አለና ጋሪውን ከነልጁ ብድግ አደረገው።

«አይዞሽ፣ የልጁ እናት።»

አላረመችውም። ልጁ የታላቅ እህቷ ነው። እህቷ ከወለደች ወዲህ አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሕፃኑን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ሐኪሙ ልጁን በየቀኑ አሳዩአት ስላለ፣ ታናሽየዋ ጋሪውን እየገፋች ትመላለሳለች። እናታቸው ደግሞ አስጠንቅቀዋታል፤ «ገመናችን ከዚህ ቤት እንዳይወጣ! እናቱ የት ናት ቢሉሽ፣ አፍሽን ያዢ።»

ወጣቱ በየጠዋቱ በዚያው አውቶቡስ ይሄዳል። ጋሪውን ያነሳላታል፤ መስኮቱ ሥር ቦታ ይይዝላታል።

«ጣትህ ግን ሁልጊዜ ምን ሆኖ ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«መስታወት ቆራጭ ነኝ። አንዳንዴ እኔ እቆርጠዋለሁ፤ አንዳንዴ እሱ ይቆርጠኛል።»

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! እሱም ያያትና ዓይኑን ቶሎ ወደ ሕፃኑ ይመልሳል፤ «አንተ ድንቡሼ፣ ዛሬስ እንዴት አደርክ?» ይላል።

አንድ ጠዋት ግን ድንቡሼንም አላነጋገረው።

«ከነገ ጀምሮ በሌላ አውቶቡስ ነው የምሄደው።»

«ለምን? ሱቅህ በዚህ መስመር አይደል እንዴ?»

«ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰው ሚስት ሲናፍቁ ማደር ደግ አይደለም። ባልሽ ምን በደለኝ?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አክስቱ ነኝ ብትል፣ እናቱስ ማለቱ አይቀርም። ከኋላቸው ደግሞ የሰፈራቸው ሴትዮ ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች። ወጣቷ ጎንበስ አለችና የሕፃኑን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ብርድ ልብሱ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ጋሪውን አወረደላት። «ደህና ሁኚ» አላት፤ አውቶቡሱም ይዞት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከበሩ ጋር ብቻዋን ትታገል ጀመር። አንድ ቀን እህቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ፣ አትሰማኝም ብላ፣ ሁሉንም እያለቀሰች አወራች።

«እና ዝም አልሽ?» አለች ታላቅየዋ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሳ።

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

በነጋታው እህቷ የልጁን እግር ያዝ አደረገች፤ በሌላው ቀን አቀፈችው።

ድና የወጣች ዕለት፣ አውቶቡስ ውስጥ ጋሪውን ራሷ ይዛ፣ «የመስታወት ቤቱ የት ነው?» አለች።

«ተይ እትዬ! እማዬ ብትሰማስ?»

«ትስማ። ታመምኩ እንጂ አልሰረቅኩ።»

መስታወት ቆራጩ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ፣ የብረት ማስመሪያውን ጠርዝ ተከትሎ መስታወት እየቆረጠ ነበር። አጠገቡ አንድ ደንበኛ ቆመዋል። ታላቅየዋ ጋሪውን ወደ ውስጥ ገፋችው።

«ወንድሜ፣ የዚህ ልጅ እናት እኔ ነኝ። ታምሜ ነበር። እሷ አክስቱ ናት፤ ባልም የላትም።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ደጃፉ ላይ የቆመችውን ታናሽየዋን አያት፤ ዓይኑንም አልመለሰም። እጁ ግን መቁረጡን አላቆመም ነበር።

«ኧረ ልጄ፣ መስታወቴን!» አሉ ደንበኛው።

«ጠመመብኝ» አለ፤ ዓይኑ ከእሷ ላይ ሳይነቀል። «ሌላ... ሌላ እቆርጥልዎታለሁ።»

ታላቅየዋ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ታናሽየዋ እዚያው ደጃፉ ላይ እንደ ቆመች አለቀሰች።