ካፖርቱን የለበሱት መንገደኛ

አዛውንቱ ዳቦ ጋጋሪ ከመሳፈሪያው በር ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ መሃል በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልቱን ታቀልጣለች፤ እሳቸው ግን ከጃኬታቸው በላይ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ደርበዋል። ቀኝ እጃቸው የጃኬታቸው ኪስ ውስጥ እንደገባ ቀርቷል። የአየር ማረፊያው ሐኪም ትንፋሻቸው መቆሙን አረጋግጦ «አስም ነው» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እንዲህ ያለ ከባድ አስም እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አይመጣም» ሲል ጨመረ።

ሁለተኛውን ቃል ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። የሰው ሁሉ ዓይን ያረፈው በሩ ላይ በቆመችው ሠራተኛ ላይ ነበር።

ባልደረቦቿ «ሜትር» ይሏታል፤ ሥራዋ መለካት ነውና። ርካሹን ትኬት የቆረጠ መንገደኛ ይዞ መግባት የሚችለው ከወንበሩ ሥር የምትሸጎጥ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ የተተከለው የብረት ሳጥን ውስጥ አልገባም ያለ ሻንጣ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይወርዳል፤ ክፍያውም በኪሎ ነው። ሰው ደግሞ አይመዘንም። ስለዚህ በየቀኑ ሰዎች ሜትር ፊት ሻንጣቸውን ፈትተው ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ይደርባሉ፤ ሸንቃጣ ሆኖ የመጣው ሁሉ ጥቅል ጎመን መስሎ ይሳፈራል። አዛውንቱም ካፖርቱን የለበሱት ለዚሁ ነበር።

«የገደልሻቸው አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸ አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። «መድኃኒታቸውን ከነሻንጣው ወደ ታች ላክሽባቸው! ለጥቂት ኪሎ ብለሽ!»

«ጠይቄያቸው ነበር እኮ!» አለች ሜትር። «መድኃኒት ውስጡ አለ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። የጃኬታቸውን ኪስ መታ መታ አድርገው ‹እዚህ ናት› አሉኝ።»

ሻንጣው ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሲከፈት ግን አስም ሲነሳ ወደ አፍ የምትነፋው ሰማያዊ ፓፍ ከሸሚዞቹ ላይ ቁጭ ብላ ተገኘች። የሜትር አለቃ እጁን ዘረጋ። ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ሥራዋ እንዳበቃለት ገብቷታል፤ አሁን የምትፈራው እስር ቤቱን ነው።

አውሮፕላኑ ያለ እነሱ በረረ። ባዶ ወንበሮች በተደረደሩበት አዳራሽ የሟች ሚስት፣ ታናሽ ወንድማቸውና አማቻቸው ተራርቀው ተቀመጡ። መርማሪው የመጣው ይሄኔ ነው፤ ድንክ ቢጤ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ የመጣበት የሚመስል ሰው። ፖሊሶቹ «ወንፊት» ይሉታል። አሰሱም ገሰሱም በእሱ ዘንድ ሳይነፋ አያልፍም።

አስቀድሞ ሬሳውን አየ፤ ካፖርቱንም አስወልቆ በክንዱ ላይ ጣለው። ከዚያ ፓፏን በመሐረብ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጋት። ቀጥሎ ጣቱን በሻንጣው ውስጥ ዳርና ዳር አሽቶ የጣቱን ጫፍ ተመለከተ። ጣቱ ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄዶ አንድ ረጅም የላውንደሪ ላስቲክ ጎትቶ አወጣ።

«የገደልሻቸው አንቺ ነሽ ይላሉ» አላት ሜትርን።

«አልገደልኩም።»

«እንግዲያው ተጠርጣሪ ነሽና ከዓይኔ እንዳትርቂ። ነይ፣ ወንበር ሳቢ።»

ከበሩ ጀርባ ባለችው የሠራተኞች ክፍል መጀመሪያ የገቡት ሚስትየው ናቸው። ለክብደቱ ብለው የደረቧቸውን ሦስት ሹራቦች እስካሁን አላወለቁም። ሜትርን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«እጅሽ ይሰበር!»

ሜትር አንገቷን ደፋች። ወንፊት እንዳልሰማ ሆኖ ጠየቀ። «እማማ፣ ሻንጣውን የሸከፈው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ካገባሁት ጀምሮ ሌላ ሰው ሸክፎለት ያውቃል?»

«ካፖርቱንስ?»

«እሱ የምንሄድበት ብርድ ነው ብለን የያዝነው ነው፤ ከላውንደሪ እንደታሸገ ነው የመጣው። አማቼ አመጣልኝ። ላውንደሪው ከዳቦ ቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። እንዳይጨማደድ ላስቲኩን ሳልከፍት ከሁሉም በላይ አደረግኩት።»

«ፓፏንስ የት አስቀመጧት?»

«እኔ ነክቻት አላውቅም! ከጃኬቱ ኪስ ትለያለች እንዴ? ሲተኛ እንኳ ጃኬቱን ራስጌው ነው የሚሰቅለው።»

«ለምን ነበር የምትጓዙት?»

ወይዘሮዋ የሹራባቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ። «ዳቦ ቤቱን ለታናሽ ወንድሙ ሊያዞርለት። ነገ ነበር ፊርማው፣ ንብረቱ በተመዘገበበት ከተማ። እኔም ይሁን ብያለሁ፤ ልጃችን ግን አልወደደችውም።»

ሜትር ጆሮዋ ቆመ። ‹ለወንድሙ!› አለች በልቧ።

ወንድምየው ሲገባ ጥርጣሬዋ ባሰ። ግዙፍ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ነገር አለ። ወንበሩን ወደ በሩ ስቦ፣ ከሰው ርቆ ተቀመጠ።

«ከወንድምዎ ጋር ቂም ነበራችሁ?» አለው ወንፊት።

«ምን አልክ?»

«አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ከእሳቸው አምስት ረድፍ ርቀው ነው። በሰልፉም መጨረሻ ላይ ነበሩ አሉ።»

ሰውየው እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። «ከሊጥ ነው የመጣሁት። ወንድም ጋሼን የጣለው ዱቄት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲምገው ኖሮ ሳንባው ጠላው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ዱቄት ከሸተተህ ትሞታለህ አለው። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሕግ ነው፤ ከዳቦ ቤት የመጣ ሰው ሳይታጠብ፣ ልብሱን ሳይቀይር አጠገቡ አይደርስም። ዛሬ ምድጃው ተበላሽቶብኝ ረፈደብኝና ሳልታጠብ ሮጬ መጣሁ። ‹ከሩቅ ሰላም ብዬሃለሁ፣ ስንደርስ ታጥቤ አቅፍሃለሁ› አልኩት።»

ወንፊት ካፖርቱን አንስቶ ገበሩን ወደ ውጭ ገለበጠና አንድ ጊዜ መታው። ከስፌቱ እጥፋት ነጭ ብናኝ ቦነነ። ወንድምየው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ።

«ዱቄት ነው! ማን ነው ይህን ያለበሰው? ማን ነው!»

እንዲህ ያለ ድንጋጤ የተዋናይ ነው ወይስ የእውነት? ሜትር መለየት አቃታት። ሻንጣ መለካት ቀላል ነው፤ ለሰው ልብ ግን የብረት ሳጥን አልተሠራለትም።

አማችየው መጨረሻ ገባ። ሱሪው እንደተተኮሰ ነው፣ የሸሚዙን እጅጌ አጥፏል፤ ከትከሻው ላይ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥሏል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱም እንባ መቼም መገደብ አያውቅም።

«ልጅቷን ለምን አታስሯትም?» አለ።

«ትታሰራለች፣ አይቸኩሉ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው?»

«ሽያጩ። ግን ከቤት ሆኜ በስልክ ነው የማካሂደው። ከአባባ ጋር አንድ ቤት ስለምኖር ዱቄት እንዳልወስድባቸው ዳቦ ቤቱን አልረግጥም። ይኸው ስንት ጊዜዬ!»

«ከላውንደሪው ግን ካፖርቱን አመጡ።»

«ከመኪና ሳልወርድ በመስኮት አቀበሉኝ፣ እንደታሸገ ሰጠሁ። እዚያ ሠፈር ደግሞ ዱቄት የሚይዘው ማን እንደሆነ ይታወቃል።» ወንድምየው ወደ ወጣበት በር በዓይኑ ጠቆመ።

«ትኬቱንስ ማን ገዛ?»

«አባባ ራሳቸው። ሻንጣ እንደማይፈቀድ እኔም እንደ ሰው ሁሉ እዚሁ በሩ ላይ ነው የሰማሁት።»

«ካፖርቱን ሲለብሱ ማን ረዳቸው?»

«እማማ መሰሉኝ። ልብ አላልኩም።»

ወንፊት አመስግኖ አሰናበተው። ከዚያ ወደ ሜትር ዞረ። «የሻንጣውን ምልክት ስታትሚ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነበር አይደል?»

«አዎ። ስዞር ካፖርቱን ለብሰዋል፣ ሻንጣውም ተዘግቷል።»

«ሁሉንም ሳጥኑ ጋ ጥሪልኝ።»

በመሳፈሪያው በር ላይ የብረቱን ሳጥን ከበው ቆሙ። የሜትር አለቃም ባጇን እንደያዘ መጣ። ሜትር እጇን አጣጠፈች። አሁን ከሚነገረው በኋላ ወደ ቤቷ ወይ ወደ ጣቢያ ትሄዳለች።

«ሰውየውን የገደላቸው ይህ ነው» አለ ወንፊት ካፖርቱን እያሳየ። «ገበሩ ውስጥ ዱቄት ተነዝቷል። የነዛው ሰው ዱቄቱ ሻንጣው ውስጥ እንዳይበንና እንዳይታወቅበት በላስቲክ አሸገው። በዚህ ሙቀት ሰው በፈቃዱ ካፖርት አይለብስም። ነገር ግን ሻንጣው ይመዘናል ሲባል፣ አዛውንቱ ደግሞ ለቁጠባ ሟች ናቸውና፣ አውጥተው ለበሱት። ገዳዩ ማልበስ አላስፈለገውም፤ የትኬቱ ደንብ አለበሰለት።»

«ፓፏስ?» አለ አማችየው። «ሻንጣው ውስጥ አይደለም እንዴ የተገኘችው?»

«እሱን እመጣበታለሁ።» ወንፊት መሐረቡን ፈታ። ሰማያዊዋ ፓፍ በስስ ነጭ ብናኝ ተሸፍናለች። «ሻንጣውን በጣቴ አሽቼዋለሁ፤ አንዲት ቅንጣት ዱቄት የለበትም። ታዲያ ይህች ዱቄት ከየት አመጣች? ከካፖርቱ ገበር ነዋ! አዛውንቱ ካፖርቱን ለብሰው ሳለ ፓፏ ከሥር ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ነበረች ማለት ነው። አንድ ሰው ካፖርቱን አስተካክልላቸዋለሁ ብሎ እጁን ሰደደ፣ ገበሩን እያሻሸ ፓፏን አወጣ፣ ከተከፈተው ሻንጣ ውስጥ ከሸሚዞቹ ላይ ጣላትና ዚፑን ዘጋ። ወንጀሉን ለዚህች ልጅ አሸከማት። ልጅቷ ጠየቅኳቸው ያለችው እውነቷን ነው።»

ሜትር ሳጥኑን ተደገፈች። በእፎይታ ማልቀስ አማራት፤ ግን ገና አላለቀም።

«ስትዞሪ ማን ማን የት ነበሩ?» ሲል ጠየቃት።

«ወንድምየው ከሰልፉ ጫፍ። እማማ…» ሜትር ወይዘሮዋን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። «ሦስተኛው ሹራብ ጭንቅላታቸው ላይ ተይዞ ፊታቸው አይታይም ነበር። እጃቸውም እጅጌው ውስጥ ታስሮ ነበር። ከአዛውንቱ አጠገብ የነበረው…»

«ወንድሙ ዱቄት በጥፍሩ ይዞ መጥቷል!» አማችየው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዳቦ ቤቱም ለእሱ ነው የሚሆነው!»

«የሚሆነው ነገ ነበር። አዛውንቱ ዛሬ ከሞቱ ለማን ይሆናል? ለልጃቸው። ለሚስትህ ማለት ነው።» ‹እርስዎ› ቀርቶ ‹አንተ› መጣ፤ አማችየውም ሳያውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ወንድምየው ወንድሙን ቢያንስ እስከ ነገ በሕይወት ይፈልገዋል፤ ለዳቦ ቤቱ ብለን ብንጠረጥረው እንኳ። አሁን አንድ ጨዋታ እንጫወት። ሁላችሁም ያመጣችሁትን ሻንጣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ክተቱ።»

ከአውሮፕላኑ የወረደው የወይዘሮዋ ባለ ጎማ ሻንጣ አፉ ላይ ቀረ። የወንድምየውም ተሰነቀረ። የሟችም እንደዚያው። ወንፊት የአማችየውን ቦርሳ ከትከሻው ላይ ወሰደና ለቀቀው፤ ቦርሳው ሳይነካካ ሰተት ብሎ ገባ።

«ለሳምንት መንገድ ነው የወጣችሁት። ሦስቱ ስለ ደንቡ ስላልሰሙ እንደማንኛውም ሰው ሻንጣ ይዘው መጡ። አንተ ግን ሸሚዝህን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለህ በሳጥኑ ልክ መጣህ። ‹በሩ ላይ ነው የሰማሁት› ያልከኝ ሰው! ደንቡን ታውቅ ነበር፤ ለሌሎቹ ግን አልነገርክም። ብትነግራቸው ካፖርቱ ከሻንጣው አይወጣማ።»

«ይሄ ማስረጃ አይደለም። ቀለል አድርጌ መጓዝ እወዳለሁ።»

«ጥሩ። የቀኝ እጅጌህን እጥፋት ገልብጠው።»

አማችየው አልተንቀሳቀሰም። እንባው ደረቀ፤ አዛውንቱ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከኋላው የቆመው ፖሊስ ክንዱን ይዞ የእጅጌውን እጥፋት ዘረጋው። ነጭ ዱቄት በጥቁሩ ወለል ላይ ተራገፈ።

«ዳቦ ቤት አልረግጥም ያልከው አንተ ነህ» አለ ወንፊት። «እጅህን ታጥበሃል፤ እጅጌህን ረሳኸው።»

ወንድምየው ሊዘልበት ሲል ሁለት ፖሊሶች ያዙት። «እንደ ልጁ በእጁ ያጎረሰህን!» ብሎ አገሳ። አማችየው ተወሰደ።

አለቃዋ ባጁን ለሜትር መለሰላትና «ይቅርታ፣ መቼም ሥራ ነው» ብሎ ፈጥኖ ሄደ፤ ተጠይፏት ይሁን አፍሮ አልታወቀም። ሜትር ባጁን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ነጻ ወጥታለች። ነገር ግን «አውጡት፣ ይመዘናል» ያለው የእሷ አንደበት ነው፤ ይህን ማንም መርማሪ ሊያነሳላት አይችልም።

ወይዘሮዋ ቀስ ብለው ወደ እሷ መጡ። ሜትር ሌላ እርግማን ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ» አሉ። «የረገምኩሽን እግዜር አይስማው። ካፖርቱን በገዛ እጄ ከላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንቺም አላወቅሽ፣ እኔም አላወቅኩ።»

«እማማ…»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ጭንቅላቴ ሹራብ ውስጥ ነበር፣ አልሰማሁትም። ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረው አንቺን ነው። ተናዶ ነበር? እየተቆጣ ነው የሄደብኝ?»

ሜትር ምልክቱን እያተመች ከጀርባዋ የሰማችውን ድምፅ አስታወሰች።

«አልተቆጡም። ስለ እርስዎ ነበር የሚያወሩት። ‹እያት ሚስቴን፣ እንዲህ ተሸፋፍና ያየኋት የተዳርን ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ገልጬ እስካያት ቸኩዬ ነበር› አሉኝ።»

ወይዘሮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሳቀ?»

«ስቀው ነው የገቡት፣ እማማ።»