ዘጠና አንድ በመቶ

«ስልክ ወደ ቅርጫት!» አለች የንብ አክስት፤ ንብ ደንግጣ የያዘችውን ወረቀት ለቀቀችው።

በዚህች የአክስቷ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ይህ ትእዛዝ ሲሰማ ሁሉም ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ አክስቷ ከባድ ፋይል ልትልክ ስትል ዋይፋይ የያዘ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣል። ደንበኛም ይሁን ዘመድ የሚቀር የለም። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እየሳቀ አስቀምጧል።

ንብ ግን እጇን ወደ ኪሷ አልሰደደችም።

«ያንቺስ?» አለች አክስቷ፣ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ባትሪ ጨርሶ ዘግቷል። ጓዳ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«እሺ የኔ ንብ። በይ ወረቀቱን አንሺው፣ እንዳይቆሽሽ።»

አመነቻት። ምነው ትንሽ እንኳ ብትጠራጠር ኖሮ! ንብ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ስትለቅም ፊቷ እሳት ሆኗል። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ አልነበረም፤ አልዘጋምም። ጓዳ፣ ከወረቀት ካርቶኖቹ ኋላ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ አራት ጊጋ ተኩል የሚመዝን ጨዋታ እያወረደ ነው። ሰባ ሁለት በመቶ ደርሷል።

ትልቅ ጨዋታ ማውረድ የራሱ ሕግ አለው። በክፍላቸው ይህን የማያውቅ የለም፤ ጣጣው ሁሉም የየራሱ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። ግማሾቹ ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበላሉ። ይሄ ፈጣን ነው፤ ግን ጨዋታው ሲከፈት «አዲሱን አውርዱ» ብሎ ፊታቸው ላይ ይዘጋል። ዳታ ገዝተው የሚሞክሩም አሉ፤ ጥቅሉ ሰማንያ በመቶ ላይ ያልቅና ሰው ሁሉ ጠላታቸው ሆኖ ይውላል። የቡድናቸው አለቃ፣ ሻለቃ የሚሉት ልጅ ደግሞ በማለዳ አንድ ሆቴል አጥር ስር ቆሞ ነው የሚያወርደው። ዘበኛው «ማንን ትጠብቃለህ?» ሲለው «አጎቴን» ይላል። ይኸው ስንት ወር ሆነው፣ አጎቱ እስካሁን ከሆቴሉ አልወጣም።

የንብ ምርጫ ዋይፋይ ነው፤ ያውም ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ያውም ስክሪኑ ሳይጠፋ። ምክንያቱም ይሄ ጨዋታ ምሕረት አያውቅም። መሃል ላይ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ባለፈው ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ ከስልሳ በመቶ ወደ ዜሮ ተመልሶባት እንደ ሕፃን አልቅሳለች።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጨዋታው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነው። አዲሱን ቅጂ ያላወረደ አይገባም። ነገ ደግሞ እሑድ ስለሆነ ይህ ቤት አይከፈትም፤ ዛሬ ካልወረደ አለቀ። ሻለቃ ጠዋት እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፦ «አቦ ንብ፣ እንዳትሸውጂን። አንቺ ካልገባሽ ተጠባባቂው ይገባል፣ እሱ ከገባ ደግሞ አይወጣም።» እውነቱን ነው። «ሴት ከገባች እንሸነፋለን» ያሉትን አንድ በአንድ እያሸነፈች ያገኘችው ቦታ ነው። እንደ ቀልድ ሊያመልጣት አትፈልግም።

ደግሞስ ምን አጠፋሁ? አለች ለራሷ። ሻለቃ «ማውረድና መላክ ለየብቻ ነው፣ አይነካካም» ብሏታል። ሻለቃ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቃል።

ፋይል የምታስልከው ወጣት ላውንደሪ ቤት ነው የምትሠራው። ከነሥራ ልብሷ ነው የመጣችው፤ እጆቿ በሳሙና ብዛት ነጥተው ጣቶቿ ጫፍ ላይ ተሰነጣጥቀዋል። የነርሲንግ ኮሌጅ የማታ ትምህርት ልትመዘገብ ነው። የማመልከቻው ድረ ገጽ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከአሠሪዋ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የተፈቀደላት፤ አንዱ አልቋል።

«አምና አንድ ወረቀት ጎድሎ ነው የቀረሁት» አለች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ዘንድሮ ሁሉም ሞልቷል፤ ሦስቴ ቆጥሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሻል? አሁን እናስገባዋለን» አለች አክስቷ፤ ቁልፉንም ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ደግሞ ትንሽ ሄደች። ከዚያ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ኧረ አንተ!» አለች አክስቷ ራውተሩን እንደ ሰው እየተቆጣች። አጥፍታ አበራችው።

ራውተሩ ሲጠፋ ንብ «እስክሪብቶ ላምጣ» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ቁጥሩ ቆሟል። ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ራውተሩ ሲነሳ ጨዋታው እንደ ምንም ብሎ ቀጠለ፦ ሰማንያ አንድ። ነፍሷ መለስ አለላት። እስክሪብቶውን ግን ረስታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሁለተኛው ሙከራም ግማሽ መንገድ ላይ ተቋረጠ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። አክስቷ ዞር ዞር ብላ አየች። በቤቱ ውስጥ ከእነሱ ሌላ ያለው ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚጽፍ ባለ መነጽር ተማሪ ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ቪዲዮ ከፍተሃል እንዴ?»

«ኧረ አልከፈትኩም እትዬ! የቤት ሥራዬን ነው የምጽፈው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። በል ለዛሬ ተነስ፤ ሰው እዚህ ተጨንቋል።»

«እመኑኝ እትዬ፣ ኢንተርኔቱን አልነካሁትም...»

«ተነስ አልኩህ እኮ!»

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ፣ ስልኩን ከቅርጫቱ አንስቶ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ንብ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሲወጣ በሩ ላይ ከእሷ ጋር እንዳይጋጭ መንገድ ስትለቅለት «አመሰግናለሁ» አላት፤ ይሄኛው ደግሞ ከሁሉም ባሰ።

ሦስተኛው ሙከራ ተጀመረ። ንብ እንደገና ጓዳ ገባች። አሁን ሁለቱንም በአንድ ላይ ማየት ትችላለች፤ በበሩ ስንጥቅ የአክስቷን ስክሪን፣ በእጇ የራሷን ስልክ። ሰማያዊዋ መስመር ስትንቀሳቀስ የእሷ ቁጥር ይቆማል። የእሷ ቁጥር ሲዘል ሰማያዊዋ መስመር ትሞታለች። አንድ ጊዜ አየች፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። የሻለቃ ሕግ ውሸት ነው። ምናልባት ልቧ ከመጀመሪያውም ያውቀው ነበር።

ዘጠና አንድ በመቶ። «የቀረው ጊዜ፦ አስራ ሁለት ደቂቃ።»

ከሻለቃ መልእክት ገባ፦ «ስንት ደረሰ?»

ከውጭ የላውንደሪዋ ሠራተኛ ድምፅ ቀጥኖ ተሰማ። «እትዬ፣ ካልሆነ ይቅር በቃ። አይጨነቁ። ለከርሞ እሞክራለሁ።» እያጽናናች ያለችው አክስቷን ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት። አስራ ሁለት ደቂቃ ቢታገሱ ዘጠኝ ከሃምሳ አራት ይሆናል። ስድስት ደቂቃ ይተርፋል። ስድስት ደቂቃ አይበቃም? ይበቃ ይሆናል። ንብ ስሌቱን ደግማ ሠራችው፤ በሠራችው ቁጥር ይበቃል ይላታል። ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተለወጠ፦ «የቀረው ጊዜ፦ አስራ ሰባት ደቂቃ።»

የተሰነጣጠቁት ጣቶች ጠረጴዛውን መታ መታ ሲያደርጉ በስንጥቁ ታዩዋት።

ንብ ማቆሚያውን ነካች። «ይቋረጥ?» አለ ስክሪኑ። ጣቷን ቶሎ አሳረፈች፤ ብትዘገይ ሐሳቧን እንደምትለውጥ ታውቃለች። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ዋይፋዩን ዘጋች፣ ስልኩን አጠፋች፣ ካርቶኑ ላይ ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም።

«ሄደ! ሄደ! ኧረ እዪው!» ጮኸች አክስቷ።

ስትወጣ ሰማያዊዋ መስመር ዳር ደርሳለች። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። የላውንደሪዋ ሠራተኛ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ አክስቷን አቅፋ ሳመቻት፣ ንብንም ሳመቻት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ወደ ሥራዋ በረረች።

ንብ ስቃለች፤ እውነተኛ ሳቅ ነው። ጨዋታው ቢቀርም ቢያንስ ይሄ ሆኗል። ዕዳዋን የከፈለች መሰላት።

«አላልኩሽም?» አለች አክስቷ ላቧን እየጠረገች። «ያ ባለ መነጽር ነው ሲጎትተን የቆየው። እሱ ከወጣ በኋላ እንዴት ሰተት እንዳለ አላየሽም? ዐይኑን በጨው አጥቦ ደግሞ እመኑኝ ይለኛል! ከእንግዲህ እዚህ ቤት እግሩን አያስገባም።»

የንብ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ምናልባት እኮ...»

«ምንም ምናልባት የለውም። ለእናቱም እነግራታለሁ።» አክስቷ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ልትዘጋ ጎንበስ አለችና ሳቀች። «እዪው፣ ፍላሹን ረስቶ ነው የሄደው። ይምጣ እንጂ፣ አሳየዋለሁ!»

ማንም አላየም። ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ አክስቷም «የኔ ንብ» ማለቷን ትቀጥላለች። ብትናገር ግን የዚህ ቤት ዋይፋይ ለዘላለሙ ቀረ። ይሄ እንኳ ይቅር። የአክስቷን ፊት እንዴት አድርጋ ታያለች?

በመስኮቱ በኩል ባለ መነጽሩ መንገዱን ሲያቋርጥ ታየ። ኪሶቹን እየደባበሰ በፍጥነት ይመጣል። አክስቷም አይታዋለች፤ ፍላሹን ነቅላ በመዳፏ ጨብጣ፣ ወገቧን ይዛ ከበሩ ፊት ለፊት ቆመች።

ልጁ በሩን ከፈተ። ንብ ሄዳ መሃላቸው ገባች።

«አክስቴ» አለች፣ «እሱን ከመናገርሽ በፊት እኔን ስሚኝ። ስልኬ አልዘጋም ነበር።»