ማሞቂያው ዝም ያለ ዕለት

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። ማንበብና መጻፍ እንኳ እንደ ነገሩ ነው የማውቀው፣ ፈጠራ ከየት አመጣለሁ? በአፍንጫዬ ያሸተትኩትን ነው የምጽፈው።

የካቲት ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ብሮንክስ፣ አሮጌ ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ። ውጭ በረዶ ይጥላል።

ይሄ የእንፋሎት ማሞቂያ ስንት ዓመት አበሳዬን አሳየኝ! ከምድር ቤት እንፋሎት በመጣ ቁጥር...

ኳ... ኳ ኳ... ኳ...

እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አልጋዋ እሱ ሥር ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ የት ልውሰዳት? እንቅልፍ አጣች። አለቀች። ሐኪሙም፣ "ካልተኛች ይህን ክረምት አትዘልቅም" አለኝ።

የሕንጻውን ጠጋኝ፣ ባሽኪምን፣ ደረጃው ላይ ያዝኩት።

"ኢራይዳ፣ ደግሞ የማሞቂያውን መዝጊያ ግማሽ ዘጋሽው?"

"ሞቀኛ! እንደ ዶሮ ልቀቀል?"

"ወይ ጥርቅም አድርጊው፣ ወይ ወለል አድርጊው ብዬሽ የለ! ግማሽ ሲዘጋ ውሃው መውጫ ያጣል። የሚደበድብሽ እሱ ነው።"

"ወለል አድርጌውም ይደበድባል።"

"እንግዲያው ማሞቂያው ዘሟል። ከቧንቧው በወዲያኛው ጫፍ ሥር ሽብልቅ ይግባበት፣ ውሃው ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ነገ እመጣለሁ።"

"ያንተ ነገ መጥቶ አያውቅም!"

ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። ሩዝ በአረንጓዴ አተር ሠርቻለሁ፣ ድስቱን ከደንኩት። ይሄ ብረት ዝም ሳይል እህል አልቀምስም አልኩ። ማሚም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፣ አፏን ስትዘጋብኝ ነው የዋለችው።

በሕንጻችን ሁሉም ሰው ከማሞቂያው አየር ማስወጫ ሥር ቆርቆሮ ያንጠለጥላል። ይትፋበት እንላለን።

የኛን ልደፋ አወረድኩት።

ውሃ አይደለም...

ዝልግልግ ያለ፣ ቡናማ፣ ለብ ያለ ለሃጭ ነው። ጣቴ ላይ እንደ ክር ተሳበ። ሽታው... ለሳምንታት ያልታጠበ የሰው አፍ።

ደፍቼ ቆርቆሮውን በበረኪና ፈተግኩት። መልሼ ሰቀልኩት።

ከአሮጌ ወንበር እግር ሽብልቅ ጠረብኩ። ብረቱን ፈልቅቄ ላነሳ ስንበረከክ ማሚ አንሾካሾከች።

"ተይው..."

"ምኑን ልተወው? ሊገድልሽ ነው!"

"አፉን... አትዝጊበት።"

መቼ ሰምቼ! ሽብልቁን በመዶሻ ጠቅጥቄ አስገባሁት።

ዝም አለ።

እንፋሎቱ መጣ፣ ብረቱ ጋለ... ድምፅ የለም። ማሚ ዓይኗን ከደነች።

"አየህ? ማን አሸነፈ?" አልኩት ብረቱን፣ እንደ ሰው እየሰደብኩ።

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። ያው የአፍ ሽታ። ቆርቆሮውን አየሁ። ባዶ ነው።

ኳ...

ከማሞቂያው አይደለም።

ኳ ኳ... ኳ...

ከብርድ ልብሱ ሥር ነው።

እጄን ማሚ ሆድ ላይ አደረግኩ። መዳፌን ከውስጥ መታኝ። እንደ ብረት ጠንካራ ነው።

ከከንፈሯ ጥግ ትኩስ አየር እስስ... እያለ ይወጣል። ቡናማ ለሃጭ አገጯን አልፎ ትራሱ ላይ ተንጠባጠበ። በእጄ ጠረግኩት። ከእናቴ የወጣ ነገር እንዲህ ይቀፈኛል ብዬ አላስብም ነበር። ቀፈፈኝ።

"ማሚ?"

"መውጫ... አጣ..."

ወለሉ ላይ ተደፋሁ። ሽብልቁን በመዶሻ መታሁት፣ አልወጣም። በጣቴ ያዝኩት፣ ብረቱ ክንዴን ጠበሰው። ጎትቼ ነቀልኩት።

ብረቱ ዘጭ ብሎ ወረደ።

ኳ... ኳ ኳ... ኳ...

የማሚ ሆድ ተረጋጋ። ተኛች። ያ ሁሉ ድብደባ እየተሰማ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንኮራፋች።

ሽብልቁን በመስኮት ወደ በረዶው ወረወርኩት። ይደብድብ እንደፈለገው። ከዚያ ወዲያ ነክቼው አላውቅም።

ግን የዚያን ቀን፣ ከመስኮቱ ዞር ስል፣ ቆርቆሮው ከብዶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

ቅድም በበረኪና የፈተግኩት ቆርቆሮ...

በታኘከ ሩዝ ተሞልቷል። አረንጓዴ አተር ጣል ጣል ያለበት። ለሃጩ ገና ይጨሳል።

ወደ ምድጃው ሮጥኩ። ድስቱ እንደተከደነ ነው። ከፈትኩት። ሩዙ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ማንኪያ አልነካውም።

ቀስ ብዬ ወደ ማሚ ዞርኩ።

እንደተኛች ናት። ጥርስ የሌለው አፏ ግን ማሞቂያው ኳ ባለ ቁጥር ያኝካል፣ እሱም ቆርቆሮው ውስጥ ይተፋል...

ታችኛው ከንፈሯ ላይ የአተር ልጣጭ ተለጥፏል።