የባለቤቴን ፉጨት የሚያውቀው ወፍ

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ ብሎ የሚመጣብኝን ተማሪ «ቁርስ በልተሃል?» ብዬ ነበር የምመልሰው፣ ዛሬም የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ ያው ነው፣ ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት ቁርሴን በልቼ እንደነበር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ከሞተ ስምንተኛ ወሩ ነበር። የአዲስ አበባው ሳይሆን የእኛው ከተማ መርካቶ ሃያ ስድስት ዓመት ከኖርንበት ግቢ ወጥቼ፣ ከተማው ዳር ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ ቤት ገብቻለሁ። ቤቷን የመረጣት እሱ ነው። በሕይወት ሳለ አይቷት መጥቶ «ጓሮዋ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው፣ ዛፍ በዛፍ ነው፣ እንግባባት» ሲለኝ፣ ከሰው ርቄ ከጦጣ ጋር አልኖርም ብዬ እምቢ አልኩት። ከሞተ በኋላ ግን ገባሁባት፣ ለምን ሲሉኝ ጸጥታ ፈልጌ ነው እላለሁ።

በአዲሱ ቤት የምሠራው አልነበረኝም። ማልቀስም አልሆነልኝም፣ ለቅሶው ላይ እንኳ ሴቶቹ ፊቴን እያዩ ሲንሾካሾኩ እሰማ ነበር፣ እመኑኝ ልቤ ደንድኖ አይደለም፣ ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነው የሆነብኝ። ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር በርጩማ አውጥቼ እቀመጣለሁ፣ ወፎቹም ይመጣሉ። መጀመሪያ የዱር እርግቦቹ ዋኔዎቹ፣ ቀጥሎ የሙዙ አበባ ላይ የምትንጠለጠል አውራ ጣት የምታክል አረንጓዴ ወፍ፣ ረፈድ ሲል ደግሞ ዋንዛው ላይ እንደ አህያ የሚጮኹ ባለ ትልቅ ምንቃር ጥቋቁሮች። የብዙዎቹን ስም አላውቅም፣ መልካቸውንና የመጡበትን ሰዓት በደብተር እጽፋለሁ። ልጄ ከአዲስ አበባ ደውላ «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ለወፍ አቴንዳንስ መያዝ ጀመርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«የቀረ ካለ ወላጅ አስጠራለሁ» አልኳት።

ከመካከላቸው ደረቱ ብርቱካንማ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው አንድ ወፍ ነበር። የሰማውን ሁሉ ይቀዳል፣ የባጃጅ ጡሩንባም፣ የጫጩት ጩኸትም አይቀረውም። በሁለተኛው ሳምንት ግን የባለቤቴን ፉጨት አፏጨ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ የግቢውን በር አያንኳኳም፣ ያፏጫል፣ አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት። እኔም በሁለት አጭር ፉጨት እመልስለታለሁ፣ መጣሁ ማለቴ ነው። ሴት ልጅ ስታፏጭ ነውር ነው፣ እናቴ ብትሰማ በርበሬ ታጥነኝ ነበር፣ ስለዚህ የእኔና የእሱ ምስጢር ሆኖ ኖረ።

ከጓሮዬ ጀርባ ያለው ቡና የጎረቤቴ የሐጂ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ሐጂ፣ እዚህ አካባቢ የሚያፏጭ ሰው ያውቃሉ?»

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ባልሽ ነዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር እኮ። አጥሩን ተደግፎ ወፍ ያያል፣ ያፏጫል። ቤቱን ለምን አትይዘውም ስለው፣ ሚስቴ እሺ ትበልልኝ ይለኛል። ወላሂ፣ ሚስት ትፈራለህ ብዬ ስቄበታለሁ።»

«ምን አለዎት?»

«እርስዎ አይፈሩም ወይ አለኝ። ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል፣ እኔም እፈራለሁ።»

ለእኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ነኝ ነበር የሚለኝ። ያም ሆነ ይህ ነገሩ ተፈታ፣ ወፉ ከእሱ ሰምቶ ነው የተማረው አልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። የሞተ ዕለት ጠዋት በዚችው ቤት ጉዳይ ተጣልተን ነበር። ሊመሻሽ ሲል ደጅ ሆኖ አፏጨ፣ አኩርፌ ስለነበር አልመለስኩለትም። ደገመ። ቁልፍ አለው፣ ራሱ ይክፈት ብዬ ዝም አልኩ። ሦስተኛውን ጀመረና ወደ ላይ በሚወጣው መሀል ላይ አቋረጠው። የሰለቸው መሰለኝ። ሽንኩርቴን ከትፌ ጨርሼ ስወጣ በሩ ሥር ወድቋል። ሐኪሙ ልቡ ነው፣ ቶሎ ቢደረስለትም አይተርፍም ነበር አለኝ፣ ምን ያህል እንደዘገየሁ ግን አልነገርኩትም።

እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት ጭጋጉ ቡናው ላይ እንደተኛ፣ ወፉ ከአጥሩ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ እኔም ደብተሬን ይዤ ሐጂ ቡናቸውን በሚያወርዱበት ቀጭን መንገድ ተከተልኩት። ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ የራሴ እርምጃ እንኳ አይሰማኝም። ትንሽ እንደሄድኩ ዋኔዎቹ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ሁሉም ዝም አለ። ወፉ ከፊቴ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የቡና ቅርንጫፍ ላይ አርፎ አፏጨ። ሙሉውን። ቆየት ብሎ ደገመ፣ ሙሉውን። ሦስተኛውን ጀመረና ወደ ላይ በሚወጣው መሀል ላይ አቋረጠው።

ያንን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ተደግፎ የሚያፏጭ ሰው አሟሟቱን ለወፍ አያስጠናም። ወፉ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያየኝ ጀመር፣ እኔም ከንፈሬ ደርቆ ስለነበር በምላሴ አራስኩትና፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ ሁለት አጭር አፏጨሁ።

የቀረው የፉጨቱ ክፍል ያኔ መጣ። ከወፉ አይደለም፣ ምንቃሩ ተገጥሞ እያየሁት ነው። የመጣው ከኋላዬ፣ ከመጣሁበት መንገድ፣ በሰው ቁመት ልክ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደረጃ እንደወጣ ሰው ትንፋሽ የተቀላቀለበት።

አልዞርኩም። ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ፍርሃትም አልመጣልኝም። ወፉ እኔን ትቶ በትከሻዬ አሻግሮ ሲመለከት ቆየ፣ ከዚያ በረረ፣ ተመልሶም አልመጣም።

ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከእሱ ጋር በኖርኩበት ዘመን፣ ከዚያች አንዲት ምሽት በቀር፣ ብዙ አስጠብቄው አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን መጣሁ ካልኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ።