ፎቶ ሳይነሳ የሞተው አለቃ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ በጓሮው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። አዲስ ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ፊቱ ለፎቶ ፓውደር ተቀብቷል፤ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ አንገቱ ሥር የተሸጎጠው ሶፍትም ገና አልወጣም። መነጽሩ ከጎኑ ተሰብሮ ወድቋል። ሰውየው የሕንፃ ንድፍ ቢሮው አለቃ ነበር።

«ተደናቅፎ ነው የወደቀው። ኧረ ምኑ ይመረመራል?» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ።

«ምኑ እንደሚመረመር ባውቅማ ቤቴ እተኛ ነበር።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የገባችበት ቀዳዳ ጠብቧት አያውቅምና። የዚያን ቀን ግን መርፌዋ ራሷ ተቆጥታለች። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ፎቁን በእግሯ ወጥታለች፤ የመምሪያ ኃላፊዋም «አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው» እያለ በስልክ ይነዘንዛታል።

የቢሮው ሠራተኞች ፎቶ የሚነሱበት ቀን ስለነበር የስብሰባው ክፍል የፎቶ ስቱዲዮ ሆኗል። ከግራጫው መጋረጃ ፊት ባዶ ወንበር ቆሟል። ፎቶ አንሺው ገመድ እየጠቀለለ ያጉረመርማል።

«ቀኔን በሉት! አንዱ ከረባቱን ረስቶ ይመጣል፣ ሌላው ‹በግራ በኩል አንሳኝ› ይላል። አለቅየው ደግሞ ፍላሹ መነጽራቸው ላይ እያንጸባረቀ አስቸገረኝ። ‹ያውልቁት› ብላቸው ‹ያለሱ እጄንም አላይ› ብለው ተቆጡኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሜካፑ እስኪያልቅ ብዬ መብራቴን ሳስተካክል ቆየሁ። ዞር ስል የሉም።»

«ወደ ደረጃው ጠርተኻቸው ነበር?»

«እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ላነሳ?»

ሜካፕ ሠሪዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አፍንጫቸውን እያላባቸው ፓውደሩን ደጋግሜ ደረብኩበት» አለች። «መነጽሩን ታናሽ ወንድማቸው ‹እኔ ልያዝለት› ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ብሩሼን ላጥብ ወጣሁ።»

«ወንድምየውንስ ቀባሻቸው?»

«‹ይቀመጡ› ብላቸው ‹የእኔ ፊት አይፈለግም› አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ታናሽየው የቢሮው ምክትል ነው። ሱፉ ተተኩሶ፣ ከረባቱ በወጉ ታስሮ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

«ጋሼ ችኩል ነበር» አላት። «መነጽሩን ስሰጠው አደረገና ስልኩን እያነበበ በጓሮ በር ወጣ። ‹እግርህን እያየህ ሂድ› ብዬ ስንቴ ነገርኩት!»

«አይሰማዎትም ነበር?»

«እኔን? ዕድሜ ልኩን ሰምቶኝ አያውቅም!» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

ጸሐፊዋ መርማሪዋን ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ክንዷን ያዘቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ንድፉን የሚሠራው ታናሽየው፣ የሚጨበጨብላቸው ግን አለቃችን ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ሁላችንም ፊት ‹አንተ ፎቶ አትነሳም፤ ከእንግዲህ እዚህ ቦታ የለህም› አሉት። ቢሮውን እኮ አብረው ነው ያቋቋሙት። ሰውየው እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀረ።»

«የአለቃችሁ ስልክስ የት ነው?»

«እኔ ጋ! ኪሳቸው አብጦ ፎቶ ላይ እንዳይታይ ብለው ሰጡኝ።»

መርማሪዋ ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። ስልኳ ጮኸ፤ ሳታየው ዘጋችው። ተንበርክካ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥላ መነጽሩን፣ በመጨረሻ ማጅራቱን ተመለከተች። ስትነሳ ከጠዋት ጀምሮ የተቋጠረው ግንባሯ ተፈታ። አራቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ስልክ እያነበበ ወደቀ ተባልኩ» ብላ ጀመረች። «ስልኩ ግን ጸሐፊዋ ጋ ነበር።»

ታናሽየው ቀና አለ። «ታዲያ ተሳስቼ ይሆናላ!»

«ይሁን። መነጽሩንስ አድርጎ ነበር ወይ? አፍንጫው ላይ ያለው ፓውደር እንደተቀባ ነው። መነጽር ቢያርፍበት ኖሮ ግራና ቀኙን ይነካው ነበር። የመነጽሩ አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ላስቲኮችም ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ ሜካፕ ከተቀባ በኋላ መነጽር አላደረገም። ያለ መነጽር እጁን የማያይ ሰው፣ ሶፍቱን አንገቱ ላይ እንደሸጎጠ፣ ብቻውን ወደ ጨለማ ደረጃ አይሄድም። የሚያምነው ሰው እጁን ይዞ ወስዶታል።»

ፎቶ አንሺው የጠቀለለውን ገመድ መሬት ላይ ለቀቀው።

«በዚያ ላይ ተደናቅፎ የወደቀ በፊቱ ነው የሚደፋው። የእሱ ፊት ጭረት እንኳ የለበትም፤ የተመታው ማጅራቱ ነው። ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይነጋገር ነበር፤ ደረቱን ተገፋ። መነጽሩ በኋላ ነው አጠገቡ የተጣለው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ መነጽሩ በአንድ ሰው እጅ ነበር።»

ሁሉም ወደ ታናሽየው ዞሩ። እሱ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«‹ፎቶ አንሺው ደረጃው ጋ ይፈልግሃል› ብዬ ወሰድኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻችንን ልለምነው ነበር። ‹ጋሼ፣ ሌላው ይቅርብኝ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹አንተን ያለ እኔ ማን ያውቅሃል?› አለኝ። ከዚያ… እጄ ቀደመኝ።»

«ሲወድቅ ወዲያው ሞተ?»

ታናሽየው በወጉ የታሰረውን ከረባቱን ፈታ።

«እየተጣራ ነበር። በጨለማው እግሩ የሳተ መስሎት ነው መሰለኝ፣ እኔ እንደገፋሁት እንኳ አላወቀም፤ ‹ወንድሜ፣ ወደቅኩ፣ ና አንሳኝ› ይለኛል። ወረድኩ። ግን አላነሳሁትም።»

ሜካፕ ሠሪዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ፖሊሱ ታናሽየውን ይዞት ወጣ።

መርማሪዋ ኮቷን ስታነሳ ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆመች።

«እናታቸው በሕይወት አሉ እኮ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለታላቁ አልቅሱ ብለን ልንነግራቸው ነው። ታናሹ የት ሄደ ሲሉን ምን እንበላቸው?»