የባለወርቅ ጥርሱ አምስት ልቦች

ሱዳን ባለው የኡም ጋርጉር መጠለያ ሙቀቱ እንቁላል ይቀቅላል ሲሏችሁ አትመኑ። ቀቃይዋ ዶሮዋ ራሷ ናት፤ ቀቅላ ነው የምትጥለው። ሰማኸኝ ይህን ሲናገር ጥርሱን ብልጭ አያደርግም። ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚያው ከቀረ ወዲህ የመጠለያው ሰው ግማሹ ውሸታም፣ ግማሹ ጨዋታ አዋቂ ይለዋል።

አንዲት እውነት ብቻ ነበረችው፤ እሷንም ለማንም አልነገረም። ርግኣትን ይወዳል።

ርግኣት የኣቦይ ኪዳነማርያም ልጅ ናት። አባትና ልጅ የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ በሐምዳይት በኩል ወንዙን ተሻግረው ሱዳን የገቡ ናቸው። በየሁለት ቀኑ ጠዋት ሁለት ስልክና የአባቷን ራዲዮ ይዛ፣ ሰማኸኝ ወደሚሠራበት የሙሐመድአሚን ቻርጅ ቤት ትመጣለች። ቻርጅ ቤት ስንል አራት የፀሐይ ሰሌዳ፣ አንድ ቆርቆሮ ጣራና አንድ አግዳሚ ወንበር ማለታችን ነው። ስልኮቹ እስኪሞሉ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

በቤቱ ጥጓ የተሰነጠቀ ታብሌት አለች። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ጨዋታ አላት፤ ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ጉድጓድ ትቆፍራለህ፣ ገበያ ታቆማለህ። ዙሪያህን ደግሞ ሦስት ጎረቤት ሹሞች አሉ። ከነሱ ጋር ተስማምተህ ካልኖርክ ከተማህ አመድ ናት። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው፤ ሱዳን ያደገው ሙሐመድአሚን እያነበበ አስለመዳቸው።

«አንተ ገንባ፤ ጎረቤቱን ለእኔ ተው» አለችው ርግኣት በመጀመሪያው ቀን።

ከተማዋን «እፎይ» አሏት። እሱ ሰሊጥ ይዘራል፣ ግንብ ይገነባል፤ እሷ ስጦታ ትልካለች፣ ቃል ትለዋወጣለች። ከሦስቱ ሹሞች አንዷ የተራራዋ ባለአንድ ዐይን አሮጊት ናት፤ ሁለተኛው ወፍራም የጨው ነጋዴ። ሦስተኛው ግን፣ የወንዙ ሹም፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ትከሻው የሰፋ፣ አንዲት ጥርሱ ወርቅ የሆነች ሰው ነው። ስጦታ በተላከለት ቁጥር ወርቁን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። ስሙን «ባለወርቅ ጥርሱ» አሉት።

በእያንዳንዱ ሹም ራስ አጠገብ አምስት ትናንሽ ልቦች አሉ። ደስ ሲለው አንዷ ትቀላለች፤ ሲከፋው ትጠቁራለች። የሰማኸኝ ጣጣ የጀመረው ከነዚህ ልቦች ነው።

«አርባ ጆንያ ሰሊጥ ላክሽለት?»

«ልኬለታለሁ።»

«እኔ የዘራሁትን?»

«አንተ የዘራኸውን። ምን ያስጮህሃል?»

«ማን ጮኸ? ለአሮጊቷስ ምን ላክሽ?»

«ጨው።»

«ለምስኪኗ ጨው፣ ለሱ ሰሊጥና ማር! ጥርሱን አይተሽ ነው?»

ርግኣት ቀና ብላ አየችው። አስተያየቷ ረዘመ፤ ሰማኸኝ የያዘውን ገመድ የቱ ጋ ሊሰካው እንደነበር ጠፋበት።

«ሰውየው እኮ ሥዕል ነው» አለችው።

«ሥዕልም ቢሆን ያያል።»

ሳቀች። «ስማኝ፤ የጎረቤት ሥራ እንዲህ ነው። ትሰጣለህ፤ አትጠይቅም። የጠየቅህ ቀን ልቡ ይጠቁራል። ጥያቄው ከወዲያ በኩል እስኪመጣ ዝም ነው።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ከተኳረፈው ሰው ጋር ሃያ ዓመት ድንበር ተጋርቶ ያረሰ ሰው ነው።»

በሰማኸኝ ሰውነት ውስጥ ግን ቅናት እንደ ቁንጫ ገብታለች። ቤቱ ሄዶ በስባሪ መስታወት የራሱን ራስ ዙሪያውን ፈተሸ፤ አንድም ልብ የለችም። ለሥዕሉ ሰው ማር ይሄድለታል፤ ለሱ «እንዴት አደርክ» እንኳ በጥድፊያ ነው። አንድ ቀን ርግኣት ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል፣ ሊላክ የተጫነውን ማር አራግፎ ሽንኩርት ጫነበት። ባለወርቅ ጥርሱ ሽንኩርቱን ተቀብሎ ሳቀ፤ አራተኛዋ ልብም ቀላች።

«ሽንኩርት ሰጥተውት የሚስቅ ሰው» አለ ሰማኸኝ ለሙሐመድአሚን፣ «የሚስቀው ለስጦታው አይደለም። ለሰጪዋ ነው!»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ፀሐይ መትታሃለች» አለው ሙሐመድአሚን።

ሐሙስ ጠዋት አምስተኛዋ ቀላች። ታብሌቷ ላይም ከዚያ በፊት ያልነበረች አረንጓዴ ቁልፍ ወጣች። ሙሐመድአሚን ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ጋብቻ ይላል። ከከተማችሁ አንዲት ሴት ከዳራችሁለት ለሁልጊዜ ሰላም ነው።»

ርግኣት የሥዕሉን ሰው አየችው፤ ፈገግ አለች። ስልኮቿን ሰበሰበች። «ቅዳሜ ስመጣ እናየዋለን» ብላ ሄደች።

ያቺን ፈገግታ ሰማኸኝ እስከ እኩለ ቀን ተሸከማት። እኩለ ቀን ላይ አልቻላትም፤ ታብሌቷን አንሥቶ በባለወርቅ ጥርሱ ላይ ጦርነት አወጀ።

ግንቡ በተራራው በኩል አለ፤ በጨው መንገድም አለ። በወንዙ በኩል ግን «ወዳጅ ባለበት በኩል ግንብ አይሠራም» ብላ ርግኣት ከልክላው ነበር። ባለወርቅ ጥርሱ በዚያ በኩል ገባ፤ አልሳቀም። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም፤ ከእፎይ የተረፉት አንድ ጉድጓድና አንድ አህያ ናቸው። አህያዋም ብትሆን ሰማኸኝን በትዝብት ታየው ነበር።

ቅዳሜ ርግኣት ታብሌቷን ከፈተች።

«ጦርነት ያወጀው ማነው?»

«ድመት ረግጣው።»

«የማን ድመት?»

«የሙሐመድአሚን።»

«ሙሐመድአሚን ድመት የለውም።»

ሰማኸኝ ሌላ ውሸት ፈለገ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣ። «ቀንቼ ነው» አለ።

«በማን?»

በጣቱ ወደ ባለወርቅ ጥርሱ ጠቆመ። ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ሰማኸኝ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ የምቀመጠው ለስልክ መሰለህ? ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ ዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ የሞተ ስልክ እየሰካህ አንድ ቀን ልብ አላልክም!» የአባቷን ራዲዮ ከአግዳሚው ላይ አነሣች። «አባቴ ከጦርነቱ ወዲህ አርማጭሆ ሲባል ፊቱን ያዞራል። ከሥዕል ጋር መታገሥ ያቃተህ ሰው ከሱ ጋር እንዴት ልትሆን ነው?»

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ጎረቤቷ አሰፋች ናት የመጣችው፤ ራዲዮውንና አንድ ስልክ ብቻ ይዛ። ሰማኸኝ ያቺን ያልመጣች የሞተች ስልክ እንደ ሰው አለቀሰላት።

ሲመሽ ግን ራዲዮውን ለአሰፋች አልሰጣትም። ራሱ ተሸክሞት ሄደ።

ኣቦይ ኪዳነማርያም ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። «አስቀምጠው» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ሰማኸኝ በራሳቸው አጠገብ በሐሳቡ ልቦቹን ቆጠረ፤ አምስቱም ጥቁር።

በማግስቱ ለራዲዮው ከብስክሌት ሽቦ የሠራውን አንቴና ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ባትሪ። በአምስተኛው ቀን «ደህና ዋልክ» አሉት፤ ግማሽ ልብ ቆጠረላቸው። ምንም አልጠየቀም። ርግኣት በጓዳው መጋረጃ በኩል ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ወደዚያም አላየም። ማየትም መጠየቅ ነው ብሎ ፈርቶ።

በሰባተኛው ቀን «የየት አገር ልጅ ነህ?» አሉት።

ከምላሱ ጫፍ አሥር ውሸት ተሰልፎ ነበር። «የአርማጭሆ፣ ኣቦይ» አለ።

ሽማግሌው መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ሰሊጥ ነበረኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «ዐይን የማይዘልቀው። ለአጨዳ የሚመጡልኝ የናንተ አገር ልጆች ነበሩ። ጎበዞች ነበሩ።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጎረቤት ነበርን እኮ።»

«ነበርን፣ ኣቦይ።»

ያን ቀን ሰማኸኝ ልብ መቁጠር ረሳ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሰሊጥ ሆነ፤ መቼ እንደሚታጨድ፣ ነዶው እንዴት እንደሚቆም። ሰማኸኝ ሰሊጥ ሲያጭድ ስላባረረው ጅብ ተረከ፤ ጅቡ በመጨረሻ አብሮት ማጭድ ይዞ ነበር። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙ። በሃያ አንደኛው ቀን ሊነሣ ሲል፣

«አንተ ወዲ፣ አንተ ልጅ» አሉት፣ «ለራዲዮ ሃያ ቀን የሚመላለስ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ፈልገህ ነው?»

ጥያቄው ከወዲያ በኩል መጣ! የጠበቀው ይህንኑ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ምንም፣ ኣቦይ። ጨዋታዎን ብዬ ነው።»

መጋረጃው ተገለጠ።

«ጨዋታቸውን?» ርግኣት ነበረች፤ ዐይኗ ይጤሳል። «ሃያ ቀን ሙሉ ሰሊጥ፣ ሰሊጥ፣ ሰሊጥ! አንድ ቀን ዞር ብለህ አይተኸኛል? የምታገባው አባቴን ነው ወይስ እኔን?»

ያለችውን ስትሰማው አፏን በእጇ ያዘች። ሰማኸኝ ወደ መሬት፣ መሬቱም ወደ ሰማኸኝ ተያዩ።

ኣቦይ ኪዳነማርያም ራዲዮውን ዘጉት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሳቁ። ከአፋቸው ጥግ አንዲት የወርቅ ጥርስ ብልጭ አለች።

ሰማኸኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። የርግኣት ዐይን እንባ ሞላ።

«ወንዙን ከተሻገርን ወዲህ ስቆ አያውቅም» አለችው በሹክሹክታ። «እዚያ ታብሌት ላይ እንኳ ያ ጥርስ ብልጭ ሲል ላየው ብዬ ነበር ማሩን የምልከው።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌ ላክ» አሉ። «እንዲህ በደጃፍ አይሆንም።»

ሰማኸኝ በዚያ አገር ዘመድ የለውም። የሄዱለት ሙሐመድአሚን፣ ሠላሳ ዓመት በመጠለያው የኖሩት ኤርትራዊው ኣቦይ ኣስፋሃ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ አሰፋች ናት። «ሴት ሽማግሌ የት አገር ነው?» ያላት ቢኖር «ራዲዮ የተሸከምኩት እኔ ነኝ!» ብላ አፉን አስያዘችው። ሰርጉ ላይ አምስት ሺህ ሰው ነበር ይላል ሰማኸኝ። ወንበሩ ግን አሥራ ሁለት ነበር።

ዛሬ እፎይ ከአንድ ጉድጓድና ከአንድ አህያ ተነሥታ እንደገና ቆማለች። አሁን የምትገነባው ርግኣት ናት፤ ጎረቤቱን የያዘው ሰማኸኝ። ጠዋት ጠዋት ከአግዳሚ ወንበሩ ጭቅጭቃቸው ይሰማል።

«ደግሞ አርባ ጆንያ ላክህለት?»

«ልኬለታለሁ።»

«እኔ የዘራሁትን?»

ባለወርቅ ጥርሱ ይስቃል። በወንዙ በኩል እስከ ዛሬ ግንብ የለም።